ወደ ሲኮች ቤተ መቅደስ ስንገባ

በቆላው ምድር፣ በመተማ ዮሐንስም ሆነ በገንዳ ውኃ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሰግደውም ጫማውን አውልቆ ይገባል። ስለዚህ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ቤተ መቅደስ የሆነው የጉርድዋራ ሥርዓት ለቆላው ሰው ባዕድ አይደለም። ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የማኪንዱ ጉርድዋራ፣ መንገደኛን ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ በነጻ ይመግባል። ጉርድዋራ ስንገባ የሚጠበቅብን ጫማ ማውለቅ፣ ፀጉር መሸፈን፣ ሲጋራና መጠጥ አለመያዝ፣ መሬት ላይ ስንቀመጥም እግራችንን ወደ ሲኮቹ ቅዱስ መጽሐፍ አለመዘርጋት ነው።

«ክርስቲያን ወንድ መቅደስ ሲገባ ራሱን ይገልጣል እንጂ ይሸፍናል?» የሚል ይኖራል። ምልክቱ ቢለያይም ትርጉሙ አንድ ነው፤ አክብሮት። መስገድም የአማኞቹ ነው፤ እንግዳ በጸጥታ ቢቀመጥ ይበቃዋል። ማዕዱ ሥጋ የለበትም፤ ወተትና ቅቤ ግን ሊኖርበት ስለሚችል ጿሚ አስቀድሞ ይጠይቅ። የራሳችን ሥርዓት እንዲከበርልን እንደምንሻ ሁሉ፣ የሌላውንም እናክብር።