ቃላችንን አናስነጥቅ፦ «ጂሃድ»፣ «ትግል»፣ «ቀብሶ»
(በአምቦ ከተማ ከዐስር ሶላት በኋላ ለጀመዓው የቀረበ ደርስ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ወደ መድረሳችን መጥታ ነበር። የልጇ ስም «ጂሃድ» ከሚለው ሥር የወጣ ነው፤ አያቱ ናቸው ያወጡለት፣ ትርጉሙም ብርቱ ታጋይ ማለት ነው። የክፍል ጓደኞቹ «በቴሌቪዥን የታየው አንተ ነህ ወይ?» እያሉ ሲያሾፉበት ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። እናትየዋ የመጣችው ሌላ ስም እንድንመርጥላት ነው። መልስ አጠረን። ስሙን የሚያስረዳበት ቃል ለልጁ ያላስተማርነው እኛ ነንና ማፈርም የሚገባን እኛ ነበርን።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ጥር 2004 በአወሊያ የተነሳው ጥያቄያችን ሦስት ነበር፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር፣ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጂድ ይካሄድ፣ የአህባሽ አስተምህሮ በግዳጅ አይጫንብን። ይህንን ለመንግሥት እንዲያደርስ 17 አባላት ያሉት ኮሚቴ መረጥን። ሐምሌ ላይ ከነርሱ መካከል ታሰሩ፤ ከሌሎች ወንድሞችና እህት ጋር በፀረ ሽብር አዋጁ በቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ፍርድ ቤቱ ገና ምስክር እየሰማ ሳለ ጥር 28/2005 ምሽት ኢቴቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሚል ፊልም አሳየን። ርዕሱ ብቻውን ፈርዶ ጨረሰ። (ለነገሩ የመድረሳ ልጆቻችንን ሐረካት ምንድን ነው ብትሏቸው ፈትሓ፣ ከስራ፣ ዶማ ይሏችኋል። ከፊደል ላይ የሚቀመጡትን ምልክቶች ማለታቸው ነው።)

እስቲ ወደ ቃሉ እንመለስ። ሥሩ ጂም፣ ሃ፣ ዳል ነው። «ጀህድ» የአቅም መጨረሻ፣ ልብ እስኪጠፋ የሚደርስ ድካም ማለት ነው። መልአኩ ጂብሪል በሒራ ዋሻ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) አቅፎ ሲጨምቃቸው አቅማቸው ጫፍ እንደደረሰ የተናገሩት በዚሁ ቃል ነው፤ ቡኻሪ ዘግቦታል። በዚያች ሌሊት ጦር የለም፣ ሰይፍ የለም፤ የነበረው «አንብብ» ብቻ ነው።

«ጁህድ» ደግሞ ሰው ያለው አቅም ነው። ሱረቱ ተውባ 79ኛው አንቀጽ ላይ ከድካማቸው በቀር የሚሰጡት ስላጡ ድሆች ተወስቷል። ሶደቃ ስጡ በተባሉ ጊዜ እነዚያ ሶሓቦች በጀርባቸው ዕቃ ተሸክመው ባገኙት ሒሳብ ጥቂት ተምር ያመጡ ነበር፤ ሙናፊቆቹም ሳቁባቸው። እኛም እዚሁ መናኸሪያ ጭነት ሲያወርድ ውሎ ለታሳሪ ቤተሰብ አሥር ብር የሚያመጣ ወንድም አለን። ይህ አንቀጽ ሲቀራ አንገቱን ቀና ያድርግ፤ ስለ እርሱ ዓይነት ሰው ነው የወረደው።

ከሁሉ የሚደንቀን ሱረቱ ሉቅማን 15ኛው ነው። ሙሽሪክ ወላጆች ልጃቸው በአላህ እንዲያጋራ ቢታገሉት አይታዘዛቸው፣ ግን በዱንያ በመልካም ይኗኗራቸው ይላል። እዚያ «ታገሉት» የሚለው ግሥ «ጃሀዳ» ነው። ታጋዮቹ ሙሽሪኮች ናቸው! እንግዲህ ቃሉ የሙስሊም ጦር ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ምን ያደርግ ነበር? በሱረቱል ፉርቃንም በቁርኣን ታገላቸው የሚል ትእዛዝ አለ። ያች ሱራ መካ የወረደች ናት፤ መዋጋት ገና ባልተፈቀደበት፣ ሶሓቦቻችን በሚደበደቡበት ዘመን።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው ጂሃድ ልውጣ ብሎ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) አስፈቀደ። ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ጠይቀው እነርሱን በማገልገል እንዲታገል መለሱት። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ ያለ ነው። ስለ ትንሹና ትልቁ ጂሃድ የሚወራውን ዘገባ ግን ለክርክር አታምጡት፤ የሐዲስ ሊቃውንት ሰነዱን ደካማ ብለውታል። ጠንካራ ማስረጃ እያለን በደካማ አንደገፍ።

ሐቁን አንደብቅ። ጂሃድ በሸሪዓ ውጊያ የሚሆንበትም ቦታ አለ፤ ሁክምና ገደብ አለው። ጎረቤቶቻችንም ቃሉን ሲሰሙ የሚደነግጡት በቴሌቪዥን ብቻ አይደለም። የ16ኛውን ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ጦርነት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተው ያደጉ ናቸው። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ እኛ ጥቂቶች ነን፤ በለቅሶም በሠርግም አብረናቸው ነው የምንውለው። ስለዚህ «ጂሃድ ማለት እኮ…» ብለን ማስረዳት የእኛ ድርሻ ነው እንጂ ለምን ፈራህ ብለን መቆጣት አያምርብንም።

የራሳቸውን ቃል ደግሞ እንመልከት። «ትግል» በአማርኛ መጀመሪያ ሁለት ሰው ተያይዞ የሚወዳደቅበት ግጥሚያ ነው። በአንድ ወቅት ድህነትን ትግል፣ ኪራይ ሰብሳቢነትን ትግል ይባል ነበር፤ በየዓመቱ ግንቦት 20 የ17 ዓመቱ የትጥቅ ትግል ይወደስ ነበር። በመሣሪያ የተደረገው ትግል የሚያኮራ ሆኖ ጁሙዓ ሰግዶ በዝምታ የቆመ ሰው ትግል እንዴት ሽብር ይሆናል? በኦሮምኛችንም «ቀብሶ» አለ። እዚህ አካባቢ ስንት ወጣት በዚህች ቃል የተነሳ እንደታሰረ ለእናንተ አንነግራችሁም። ለተራ ጥረት «ተታፊ» እንላለን፤ «ቀብሶ» ያልን ዕለት ግን ወላጆቻችን ድምፅህን ቀንስ ይሉናል። ቃል መንጠቅ በእኛ አልተጀመረም ለማለት ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ለእናንተ ነው። ቃሉን ለማስፈራሪያ፣ ለፉከራ፣ ሰው ለማስደንገጥ የሚጠቀም ካለ ከፊልሙ አዘጋጆች ጋር ተባብሯል። ስማችን ድምፃችን ይሰማ ነው፤ ድምፅ የሚሰማው ቃሉ በቦታው ሲውል ነው። በበዳይ መሪ ፊት የሚነገር የሐቅ ቃል ከጂሃድ በላጩ መሆኑን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በዚህችው በሐበሻ ምድር በነጃሺ ፊት ቆሞ የተናገረውን አስታውሱ። ለመጡበት ስደት ምክንያቱን አስረዳ፣ ከሱረቱ መርየም አነበበ፤ ንጉሡም አሳልፎ አልሰጣቸውም።

ያችን እናት ነገ ጠርተናታል። ስሙን እንዳትቀይር አናስገድዳትም፤ የእርሷ ውሳኔ ነው። ልጁ ግን ከውሳኔው በፊት ከሉቅማንና ከተውባ ያነሳናቸውን ሁለት አንቀጾች ከነትርጉማቸው ይቀራል። የፊታችን ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ለሁሉም ልጆች እናስተምራቸዋለን፤ ወላጆችም ከኋላ ተቀምጣችሁ አዳምጡ። የክፍል ጓደኞቹም መምጣት ከፈለጉ በራችን ክፍት ነው፤ ሻይ ይኖራል።