ስለ ኤሌክትሪክ ጕምጕምታ
(የሳይንስ ክበብ አባሎች በበዓሉ ቀን ያሰሙት ንግግር)



በመንገድ ዳር በተሰቀለው ትራንስፎርመር ሥር ያለፈ ሁሉ እንደ ንብ መንጋ ሲያጕመጕም ሰምቶታል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በውስጡ ያለው ብረት የማግኔት ኃይል ሲያገኝ ርዝመቱ በጥቂቱ ይለወጣል፤ ይህንንም የእንግሊዙ ሊቅ ጄምስ ጁል በ1842 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ፥ ብረቱ በየምልልሱ ሁለት ጊዜ፥ ማለት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ይህ አንድ ዓይነት የሆነ ጕምጕምታ የጤና ድምፅ ነው።

የሚንጣጣ ድምፅ ግን ሌላ ነው። በክበባችን ክፍል አንድ ሶኬት ሲንጣጣ እየሰማን፥ «የተለመደ ነው» ብለን ሳምንት ሙሉ ዝም አልን። በመጨረሻ የመቃጠል ሽታ ሲሸተን ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ላይ አጥፍተን ባለሙያ አስጠራን። ሽቦው ላልቶ፥ ብልጭታው ፕላስቲኩን አጥቍሮት ተገኘ። ሰው በሌለበት ሌሊት ቢሆን ኖሮ፥ ክፍሉ ከነመጻሕፍቱ ሊነድ ይችል ነበር።

ስለዚህ በየቤታችሁ ሶኬት ሲንጣጣ፥ ሲግል ወይም ሲሸት አትንኩት፤ ከቆጣሪው ላይ አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ። እኛ ጆሯችን ሰምቶ ልባችን ሳያስተውል ቀርቶ ነበር፤ እናንተ ግን አስተውሉ።