መኪናው ያልፋል፤ ዓሣውስ?

ወንድ፦ ያረጀ ካልቨርት፣ ማለትም ከመንገድ ሥር ውኃ የሚያሳልፍ ቱቦ፣ ሲታደስ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ከባድ መኪና ይሸከማል ወይ?» የሚለው ብቻ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ግን «ሳልመን ዓሣ ያልፍበታል ወይ?» የሚለውም ፍርድ ቤት ደርሷል።

ሴት፦ ጉዳዩን የገፉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1850ዎቹ በተፈረሙ ውሎች ዓሣ የማስገር መብታቸው ተጠብቆላቸው ነበር። በ2013 ግዛቲቱ የዓሣ መንገድ የዘጉ ካልቨርቶቿን እንድታስተካክል ታዘዘች፤ በ2018 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ለ4 በመከፈሉ ትእዛዙ ጸና። ፍትሐዊ ነው እላለሁ፤ ዓሣ ከሌለ የማስገር መብት ምን ይረባል?

ወንድ፦ ቱቦው ግን ዓሣውን እንዴት ያግደዋል?

ሴት፦ ጠባብ ከሆነ ውኃው ይፈጥናል። የፈጠነ ውኃ መውጫውን ይቦረቡራል፤ ከዓመታት በኋላ የቱቦው አፍ ከጅረቱ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ትልቁ ሳልመን ቢዘል እንኳ ጫጩቱ አይችልም። ኮሆ የሚባለው ዝርያ ጫጩት ደግሞ ወደ ባሕር ከመውረዱ በፊት ዓመት ያህል በጅረት ውስጥ ላይ ታች ይላል።

ወንድ፦ በአሮጌው ውስጥ የፕላስቲክ ቱቦ መክተትስ? ርካሽ ነው፣ መንገዱም አይቆፈርም።

ሴት፦ ይበልጥ ጠባብና ለስላሳ ስለሚሆን ፍጥነቱ ይብሳል። የሚሻለው ከጅረቱ ወርድ የሰፋ፣ ወለሉ ጠጠርና ድንጋይ የሆነ ነው። ጎርፍና ግንድም ያሳልፋል፤ ዳሩ ደረቅ ሆኖ ከቀረ ትናንሽ አውሬዎች አስፋልት ሳይረግጡ ይሻገራሉ።

ወንድ፦ የጣና ዓሦችም እኮ በክረምት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ ወንዝ ገባሮች ይወጣሉ። እዚያ መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ የቱቦውን ወርድ ሲወስን እነሱንም ያስብ፤ ሥራውንም ከሚወጡበት ወር ያርቀው።