አገራችንን ማን ፎቶ ያንሣልን?

(ከዚህ በታች የቀረበው የቦረናና የሳይንት ተወላጆች አዲስ አበባ ውስጥ ባዘጋጁት የፎቶግራፍ ምሽት ላይ፣ አንድ የመካነ ሰላም ተወላጅ የሆኑ አንጋፋ ፎቶ አንሺ ያደረጉት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲስማማ መጠነኛ የማሳጠር ሥራ ተሠርቶበታል። - ዝግጅት ክፍሉ)



ንግግር አድርግ ስትሉኝ ደንግጫለሁ። የእኔ ሥራ ሰው ሲናገር ፎቶ ማንሣት እንጂ መናገር አይደለም። ሆኖም እዚህ ግድግዳ ላይ የሰቀላችኋቸውን ሥዕሎች እየዞርኩ ሳይ አንድ ነገር ከነከነኝ። አክሱም አለ፤ ላሊበላ አለ፤ የፋሲል ግንብ አለ፤ ጢስ ዓባይ አለ። ዱባይም አለ! መካነ ሰላም ግን የለችም። የቦረና ልጅ ለቦረና ልጆች የዱባይን ፎቅ ያሳያል። ጉድ እኮ ነው!

አንዱን ወጣት ጠጋ ብዬ "ምነው ልጄ፣ አገር ቤት ስትሄድ ካሜራ አትይዝም?" ብለው "እዚያ ምን የሚነሣ ነገር አለ ብለው ነው?" አለኝ። አልተቆጣሁም። የዛሬው ንግግሬ ግን ለእሱ መልስ ነው።

እኛን ያነሡን እነማን ናቸው?

ለመሆኑ የእኛን ተራራ መጀመሪያ በሰፊው ፎቶ ያነሣው ማን ይመስላችኋል? ጎብኚ አይደለም፤ ጦር ነው። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ፣ ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር የመሐንዲስ ጦሩን ፎቶ አንሺዎች አስከትሎ ነበር። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ እያባዙ ለመኮንኖቹ ማደል ነው። እግረ መንገዳቸውን ግን ከዙላ ወደብ እስከ መቅደላ ያለውን አገር አነሡት። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። መቅደላ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ሴባስቶፖል መድፍ ለመሸከም ስለከበደ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ ቀርቷል።

የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ግን ተወሰደ። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶ አንሺ እንግሊዝ አገር አስቀምጣ አነሣችው። ያን ፊት ያየ ሰው አይረሳውም። አገሩ የጠፋበት ልጅ ፊት ነው።

ሁለተኛው ካሜራ ረሀብ ተከትሎ መጣ። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን እልቂት ያሳየበት ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቀ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለሕዝብ አሳየ፤ በማግሥቱ ጃንሆይን አወረደ። አሥር ዓመት ቆይቶ ደርግም በተራው የአብዮት በዓሉን ደግሶ ረሀቡን ሲሸፋፍን፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ ኮረምን ለዓለም ገለጠው።

እነዚህ ፊልሞች ሐሰት ናቸው አልልም። እውነት ናቸው። መንግሥት የደበቀውን ባይገልጡት ኖሮ የሚያልቀው ሕዝብ ከዚያም በበዛ ነበር። እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን አንድን አገር በሞት አልጋው ላይ ብቻ አንሥቶ "ወሎ ማለት ይህ ነው" ማለት፣ ሰውን በለቅሶው ቀን ብቻ እንደማወቅ ነው። ሠርጉስ? አዝመራውስ? ገበያውስ? ያንን ማንሣት የነበረብን እኛ ነን። አላነሣነውም።

አንዲት ፎቶ ምን ትሠራለች?

"ፎቶ እንጀራ አይሆንም" የምትሉ አላችሁ። እንግዲህ ስሙኝ። ዓባይ ላይ፣ ከሞጣ በኩል ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ ከዐፄ ፋሲል ዘመን የቆየ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ስለተሰበረ ሰባራ ድልድይ ይባላል። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሕዝቡ በገመድ እየተጎተተ ተሻገረበት። ባለሥልጣን ሁሉ ያውቅ ነበር። ማን ምን አደረገ? ምንም!

ኋላ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ሰዎች በገመድ ተንጠልጥለው ሲሻገሩ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. በ2001 አየው። ኢትዮጵያን አያውቃትም። ያቺን ሥዕል አይቶ ግን ገንዘብና ብረት አሰባስቦ መጣ፤ በዓመቱ ድልድዩ ተጠገነ። የጥገናውን ብረት ጎርፍ ቢወስደውም ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። ሰውዬው በዚህ ምክንያት ያቋቋመው ድርጅት በሌሎች ድሀ አገሮችም ድልድይ ሲሠራ ኖሯል። ስድሳ ዓመት አቤቱታ ያላደረገውን አንዲት ፎቶ አደረገችው።

ሌላም ልንገራችሁ። የመቐለ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅየም ተመራማሪዎች እነዚያን የ1860 የእንግሊዝ ፎቶዎች ይዘው ፎቶ አንሺው የቆመበትን ቦታ ፈልገው ቆሙ፤ ያንኑ ተራራ እንደገና አነሡት። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ሁላችንም "ድሮ ጫካ ነበር፣ ዛሬ ምድረ በዳ ሆነ" እያልን እናለቅሳለን አይደል? ባነሧቸው በብዙዎቹ የሰሜን ቦታዎች ግን ተራራው ያኔም የተራቆተ ነበር፤ ዛሬ እንዲያውም ዛፉ በዝቷል። እርከን የሠራው፣ ተዳፋቱን የከለለው ገበሬ ልፋቱ በከንቱ አልቀረም ማለት ነው። ይህን የመሰከረው የማንም ሪፖርት አይደለም፤ የጠላት ጦር ያነሣው ፎቶ ነው። ለቦረናና ለሳይንት እንዲህ ያለ ምስክር የት አለን?

ስለ አንዲት ፊልም

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። በሰማንያዎቹ ውስጥ አገር ቤት ሄጄ ባለ ሠላሳ ስድስት ፊልም አነሣሁ። ስመለስ አንድ ድልድይ አየሁና እሱንም ጨመርኩበት። ጠባቂው መጣ።

"ይህን ድልድይ ለማን ልታሳይ ነው?"

"ለልጆቼ ነው ጌታዬ።"

"ክፈተው!"

ለመንኩት፤ አልሰማኝም። የካሜራውን ጀርባ ከፍቶ ፊልሙን እንደ አንጀት ጎትቶ ፀሐይ ላይ ዘረጋው። እዚያ ፊልም ላይ ድልድዩ አንድ ብቻ ነው። የቀሩት ሠላሳ አምስቱ የደብራችን የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያው፣ በሩ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው የተቀመጡ አያቴ ናቸው። አያቴ በዓመቱ ዐረፉ። ቤተ ክርስቲያኑም ፈርሶ በቆርቆሮ ተሠራ። ድልድዩ ዛሬም አለ፤ ማንም በስልኩ ያነሣዋል። እኔ ግን አያቴን ከየት ላምጣቸው?

ይህን የማነሣው ቂም ይዤ አይደለም። መንግሥት ይለዋወጣል፤ ካሜራ የመፍራት በሽታ ግን አልለቀቀንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ደግሞ ካሜራ የያዘ ሰው "የማን ነህ?" መባሉ አይቀርም። ስለዚህ ልጆች፣ አደራ! ወታደር፣ ታጣቂ፣ ኬላ አታንሡ። ለፎቶ ብሎ የሚሞት ሰው አልፈልግም። የእናት ጓሮ፣ የምንጩ መውረጃ፣ የአውድማው ዙሪያ ግን የማንም ምሥጢር አይደለም።

የሚነሣ ነገር የለም?

እንግዲህ "ምን የሚነሣ አለ?" ላልከው ልጄ። ደንቆሮ ጫካ አለልህ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ፓርክ ተብሎ የተከለለው ነው። አስታው፣ ኮሶው፣ ጅብራው፤ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው፣ የምኒልክ ድኩላው እዚያ ነው። ጫካው በስሙ ደንቆሮ ይባል እንጂ የደነቆርንስ እኛ ነን። ሳይንት ውስጥ ኦሪት ሳይቀር ተሠውቶባታል የምትባለው ተድባበ ማርያም አለች። ከገደሉ አፋፍ ቆመህ የምታየው ዓባይና ማዶው ጎጃም አለ።

አነሣሡንም ስሙ። ከቦረና በኩል ወደ ዓባይ ስታዩ ፊታችሁ ወደ ምዕራብ ነው። ጧት ፀሐይ ከጀርባችሁ ወጥታ የጎጃምን ገደል ታበራላችኋለች፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ግን ዐይናችሁ ውስጥ ትገባለች። እኩለ ቀን ላይ ገደሉ ጥላ ስለማይኖረው ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ተዉት። ከወር መስከረምና ጥቅምትን ምረጡ፤ ዝናቡ አየሩን አጥቦታል። በየካቲትና በመጋቢት አቧራው ተራራውን ይውጠዋል። ገደሉን ስታነሡ አንድ ሰው ወይም አንድ በሬ ጥግ ላይ አግቡ፤ ያለዚያ ጥልቀቱ አይታወቅም። ቤተ ክርስቲያን ስትደርሱ አለቃውን፣ መስጊድ ስትደርሱ ሼሁን አስፈቅዱ። ሰው ስታነሡም መጀመሪያ እንደምን ዋላችሁ በሉ።

ከሁሉ በላይ ከፎቶው ጀርባ የቦታውን ስም፣ የሰዎቹን ስምና ቀኑን ጻፉ። ስልክ ውስጥ ያለውንም አሳትሙ፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። በየዓመቱ ስትሄዱ ያችኑ ቦታ፣ ከዚያችው ድንጋይ ላይ ቆማችሁ አንሡ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻችሁ ጫካው መብዛት መመናመኑን ማንንም ሳይጠይቁ ያውቁታል።

ለሚመጣው ዓመት የቤት ሥራ ሰጥቻችኋለሁ። እያንዳንዳችሁ ከአገር ቤት አንዳንድ ፎቶ፣ ከነስሙና ከነቀኑ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አገር ቤት መግባት ያልቻለ ከእናቱ ሣጥን የቆየውን ያምጣ።

ዱባይን እዚያው ዱባይ ተዉት።