የደም ጓል ሲፈለግ ሌላ ነገር ቢገኝስ?
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ስሙ ከበድ ቢልም ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። ሰው ድንገት ትንፋሽ ሲያጥረው፣ አየር ሲስብ ደረቱን ሲወጋው፣ ደም የቀላቀለ አክታ ሲተፋ ወይም አንድ እግሩ ብቻ ሲያብጥ፣ ሐኪሞች ከሚጠረጥሩት ነገር አንዱ በሳንባ የደም ሥር ውስጥ የተሰነቀረ የደም ጓል ነው። ጓሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከእግር የውስጥ ደም ሥር ሲሆን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ በወሊድ ሰሞንና ለብዙ ቀን አልጋ ላይ በዋለ ሰው ላይ ሥጋቱ ይበረታል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም፤ ፈጥኖ ሐኪም ቤት መድረስ ነው።

እዚያም የደም ሥሩን አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት በመርፌ ተሰጥቶ ደረት በሲቲ ስካን ይነሳል። ታዲያ መሣሪያው ጓል እንዲፈልግ ቢታዘዝም ሌላውን አላይም አይልም። ሳንባውን፣ ልቡን፣ አጥንቱን፣ ንፍፊቱን፣ ወደ ደረት የወረደ እንቅርት ካለም እሱን ጭምር ያሳያል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በ589 ምርመራዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ጓል የተገኘው ከመቶ በ9 ያህሉ ሲሆን፣ ያልታሰበና ክትትል የሚያሻው አዲስ ነገር የተገኘው ግን ከመቶ በ24ቱ ነበር። ይኸውም ከተፈለገው ይልቅ ያልተፈለገው በዛ ማለት ነው።

ከነዚህ ድንገተኛ ግኝቶች ዋነኛው ሐኪሞች «ኖጁል» የሚሉት በሳንባ ላይ የሚታይ ትንሽ ክብ ነገር ነው። ኖጁል ሁሉ ካንሰር አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ በብዛት በሚገኝበት እንደ እኛ ባለ አገር፣ የዳነ የቆየ ቁስል ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን ካንሰርም የሚሆን አለና ዝም ተብሎ አይታለፍም።

ፍላይሽነር የተባለው የደረት ምስል ሊቃውንት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው መመሪያ በመጠኑ ይለየዋል። ድፍን የሆነ አንድ ኖጁል ከ6 ሚሊ ሜትር ካነሰ፣ ማለት የምስር ፍሬ ያህል ካልሞላ፣ ሲጋራ ለማያጨስና ሌላ ሥጋት ለሌለበት ሰው መደበኛ ክትትል አያስፈልገውም። ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይነሳል። ከ8 ከበለጠ ደግሞ በ3 ወር ደግሞ ማንሳት ወይም ናሙና ወስዶ መመርመር ይታሰባል። ይህ ሁሉ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ካንሰር ላልነበረባቸውና የመከላከል አቅማቸው ላልተዳከመ ሰዎች ነው፤ ለሌላው ሐኪሙ ራሱ ይወስናል።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው እቤት ነው። «ጓል የለም» ሲባል «ተመስገን» ብለን ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ እንከታለን። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ከሥር ያለውን የሚያነበው የለም። ወይም አንድ ዘመድ ያነበውና «ኧረ እንዳትደነግጥ፣ አይነገራት» ይላል። በደግነት ነው፤ ግን ያልተነገራት ሴት ለቀጠሮዋ እንዴት ትሄዳለች? በሌላ በኩል ደግሞ ኖጁል የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ እንቅልፍ የሚያጣ፣ ገና ለገና ዕቃ የሚሸጥ አለ። ሁለቱም ጉዳት ነው።

ስለሆነም በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ከሐኪም ቤት ከመውጣታችን በፊት «ከጓሉ ሌላ የታየ ነገር አለ? መጠኑ ስንት ነው? መቼ ልመለስ?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ የውጤቱን ወረቀትና ምስሉን አንጣል፤ ኖጁሉ ማደግ አለማደጉ የሚታወቀው አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሲተያይ ነውና። ሦስተኛ፣ ለባለቤቱ እንንገረው፤ ሰውነቱ የእሱ ነው።

ቀጠሮው የራቀ ሰው ይረሳል። በየቤታችን ያሉ የተማሩ ልጆች የእናት አባቶቻቸውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንም ወረቀት ያንብቡ፣ ቀኑን ግድግዳ ላይ ይጻፉ፣ አብረውም ይሂዱ። ለለቅሶ የማንቀር ሰዎች ለቀጠሮም አንቅር።