ስለ ግዳንስክ ከተማና ስለ አስጎብኚዎቿ ሥራ



አገርን ማየት የዐይን ሥራ ብቻ አይደለም። ዐይን ግንቡን ያያል፤ ግንቡን ማን እንዳቆመው፥ ማን እንዳፈረሰውና ማን እንደ ገና እንዳነሣው ለማወቅ ግን የሚናገር አፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ታሪክ በበዛበት ከተማ ሁሉ እንግዳን እየመራ የሚያሳይ፥ እያሳየም የሚያስረዳ ሰው ይገኛል፤ እርሱም አስጎብኚ ይባላል። ሥራው ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰሚው የተነገረውን ሁሉ አምኖ ወደ አገሩ ስለሚመለስ፥ አስጎብኚው ከመምህርነት ጋራ የሚመሳሰል ከባድ አደራ አለበት። ይህ አደራ ምን እንደ ሆነ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለችው የግዳንስክ ከተማ አጉልታ ታሳያለች። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ግዳንስክ በፖላንድ አገር በስተ ሰሜን፥ ታላቁ የቪስቱላ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አጠገብ የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ስሟ በጽሕፈት መጀመሪያ የሚገኘው በቅዱስ ዓዳልበርት ገድል ውስጥ ሲሆን፥ ቅዱሱ በ997 ዓ.ም. ወደዚያ መጥተው ብዙ ሰው እንዳጠመቁ ይነገራል። በ1308 የቴውቶን ባላባቶች የተባሉት ጀርመናውያን መነኮሳት ወታደሮች ያዟት፤ በ1454 በፖላንድ ንጉሥ ጥላ ሥር ገባች፤ በ1793 ለፕሩስያ ሆነች፤ በ1920 የመንግሥታት ማኅበር የሚጠብቃት ነጻ ከተማ ተባለች፤ ከ1945 ወዲህ ደግሞ የፖላንድ ናት። ጀርመኖች ዳንትሲግ፥ ፖሎኖች ግዳንስክ ይሏታል። ለብዙ መቶ ዓመታት ንጉሧ የፖላንድ ሲሆን፥ አብዛኛው ነዋሪዋ በጀርመንኛ ይናገር ነበር። ሁለት ስም እንዳላት ሁሉ፥ ሁለት ዓይነት ታሪክ ሲነገርላት ኖራለች።

ዛሬ ጎብኚዎች ከብዙ አገር ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹም በአጠገቧ ባለው በግዲኒያ ወደብ ከታላላቅ የመንገደኛ መርከቦች ወርደው ለአንድ ቀን ብቻ ይገባሉ። አስጎብኚው ከሩቅ እንዲታይ ጃንጥላ ወይም ትንሽ ሰንደቅ ከፍ አድርጎ ይቀድማል፤ እንግዶቹም እየሰሙ ይከተሉታል። ጕዞው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የንጉሥ መንገድ ከሚባለው ነው፤ የፖላንድ ነገሥታት ከተማዪቱን ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ በክብር የሚገቡበት መንገድ ነበረና። መንገዱ ከ1612 እስከ 1614 በተሠራው፥ ስለ ኅብረትና ስለ መለያየት የሚያስተምር የላቲን ጽሕፈት ባለበት በወርቃማው በር ያልፋል፤ ከዚያም ረጅሙ መንገድ በሚባለው በኩል ወደ ረጅሙ ገበያ ያደርሳል፤ በወንዙ አጠገብ ባለው በአረንጓዴው በርም ይፈጸማል። በግራና በቀኝ ፊታቸው ጠባብ፥ ቁመታቸው ረጅም፥ በቅርጽና በቀለም ያጌጡ የነጋዴዎች ቤቶች ተደርድረዋል።

የአስጎብኚው የመጀመሪያ ፈተና በዚህ ስፍራ ይመጣል። እንግዳው ቤቶቹን አድንቆ «እነዚህ ቤቶች ስንት ዓመት ሆናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። አራት መቶ ዓመት ሆናቸው ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ እንግዳውም ደስ ይለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1945 በማርች ወር የሶቪየት ጦር ከተማዪቱን ከጀርመን ሠራዊት እጅ ሲወስድ፥ ጥንታዊው መካከለኛ ከተማ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል በመድፍና በእሳት ጠፋ። ከጀርመናውያኑ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ሸሹ፥ የቀሩትም እንዲወጡ ተደረገ። በእነርሱ ፈንታ ፖሎኖች ገቡ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ራሳቸው ለሶቪየት ኅብረት ከተሰጠው ከምሥራቁ አገራቸው የተፈናቀሉ ነበሩ።

ፍርስራሹ እንዳለ ይቅር ወይስ ይነሣ የሚል ክርክር ከተደረገ በኋላ፥ ከተማዪቱ በጥንት መልኳ እንድትሠራ ተወሰነ። ሠራተኞቹም አሮጌ ሥዕሎችንና ፎቶግራፎችን እየተመለከቱ፥ ከፍርስራሹ የተለቀሙትንም የተቀረጹ ድንጋዮች በየስፍራቸው እየመለሱ የቤቶቹን ፊት እንደ ቀድሞው አቆሙት። በስተ ጀርባ ያለው ግን የጥንቱ አይደለም፤ ለሠራተኛ ቤተ ሰቦች የሚሆን አዲስ መኖሪያ ነው። ከዘመናቱም መካከል መርጠው የ16ኛውንና የ17ኛውን መቶ ዓመት መልክ መለሱ እንጂ፥ በፕሩስያ ዘመን ከተጨመረው ብዙውን ተዉት።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት መጥፎ አስጎብኚ ሊኖር ይችላል። አንደኛው ሁሉ ጥንታዊ ነው ብሎ የገነቡትን ሰዎች ድካም ይሰውራል። ሁለተኛው ሁሉ የውሸት ነው ብሎ ያንኑ ድካም ይንቃል። መልካሙ አስጎብኚ ግን «ይህ ድንጋይ የጥንት ነው፤ ይህ ግድግዳ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው» እያለ በጣቱ ለይቶ ያሳያል። እንግዳውም ይህን በሰማ ጊዜ ለከተማዪቱ ያለው አክብሮት አይቀንስም፤ ይልቁንም ቤታቸውን ያጡ ሰዎች የሌሎችን የፈረሰ ቤት በትዕግሥት እንዳነሡ አስቦ ይደነቃል።

ከዚህ ቀጥሎ ጕዞው ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ይህ በጡብ የተሠራ ታላቅ ሕንጻ በ1343 ተጀምሮ በ1502 ተፈጸመ፤ መሠረቱን የጣሉት ሰዎች ፍጻሜውን አላዩም፥ የልጅ ልጆቻቸውም አላዩም። ርዝመቱ 105 ሜትር ነው፤ ወደ ማማው የሚያወጣውም ደረጃ ከ400 ይበልጣል። በውስጡ ሃንስ ዲውሪንገር የሚባል ብልኅ ከ1464 እስከ 1470 የሠራው፥ ቁመቱ ወደ 14 ሜትር የሚደርስ ሰዓት አለ። ይህ ሰዓት ጊዜን ብቻ ሳይሆን ቀንን፥ የቅዱሳንን በዓላትና የጨረቃን አካሄድ ያሳያል። በጦርነቱ ጊዜ ከእሳቱ በፊት ተፈትቶ ወደ ገጠር ስለ ተወሰደ ብዙው ክፍሉ ተርፏል።

ስለዚህ ሰዓት የሚነገር ተረት አለ። ዲውሪንገር ሥራውን በፈጸመ ጊዜ፥ የከተማዪቱ ሹማምንት ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ይህን የመሰለ እንዳይሠራ ብለው ዐይኑን አጠፉት ይባላል። ተረቱ ጆሮን ስለሚይዝ አስጎብኚዎች ሁሉ ይወዱታል። ነገር ግን ይህንኑ የመሰለ ታሪክ በፕራግ ከተማ ስላለው ሰዓትም ይነገራል። ስለዚህ አስተዋይ አስጎብኚ ተረቱን አይተወውም፤ «ተደረገ» በማለት ፈንታ ግን «ይባላል» ይላል። ከዚያም ተረቱ ስለ ሠሪው ዐይን ባያስረዳ እንኳ፥ የወደብ ከተሞች በሥራቸው እንዴት ይመኩና እርስ በርሳቸው ይቀናኑ እንደ ነበረ እንደሚያስረዳ ይገልጣል። ተረትም በስፍራው ሲቀመጥ ዕውቀት ነው፤ በታሪክ ስፍራ ሲቀመጥ ግን ሐሰት ይሆናል።

በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሃንስ ሜምሊንግ የሣለው፥ የመጨረሻው ፍርድ የተባለው ሥዕል ግልባጭ ይታያል፤ ዋናው በከተማዪቱ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሥዕሉን ያሠራው በብሩዥ ከተማ የነበረ የፍሎረንስ ባንክ ሹም ሲሆን፥ በመርከብ ሲላክ በ1473 ጳውል ቤኔኬ የተባለ የግዳንስክ የመርከብ አለቃ በባሕር ላይ ማረከው። ባለቤቶቹ ቢከራከሩም አልተመለሰላቸውም፤ ለቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። በ1807 የናፖሊዮን ሰዎች ወደ ፓሪስ ወሰዱት፤ እርሱ ከወደቀ በኋላ ተመለሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ወደ ጀርመን ከዚያም ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጉዞ በ1956 እንደ ገና ገባ። የከተማዪቱ ሰው ፈረንሳዮች እንደ ዘረፉት መናገር ይቀለዋል፤ አስቀድሞ ወደ ግዳንስክ የገባውም በምርኮ እንደ ነበረ መናገር ግን ይከብደዋል። አስጎብኚው ሁለተኛውን ደብቆ የመጀመሪያውን ብቻ ቢናገር፥ ግማሽ እውነት ለሙሉ እውነት ሸጠ ማለት ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሞትዋቫ ወንዝ ሲወረድ፥ በሁለት የጡብ ግንቦች መካከል የቆመ ታላቅ የእንጨት ዕቃ ማንሻ ይታያል። ከ1442 እስከ 1444 የተሠራ ሲሆን፥ በ1945 እንጨቱ ተቃጥሎ እንደ ገና ታድሷል። በውስጡ ታላላቅ መንኰራኵሮች አሉ፤ ሰዎች በመንኰራኵሩ ውስጥ ገብተው እንደ ደረጃ እየረገጡ በማዞር እስከ 40 ኩንታል የሚመዝን ሸክም ወደ 11 ሜትር ከፍታ ያነሡ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለው ደሴት የእህል ጎተራ ደሴት ይባላል፤ በንግዱ ታላቅ ዘመን ከ300 የሚበልጡ ጎተራዎች ነበሩበት። እህሉ በቪስቱላ ወንዝ በታንኳና በእንጨት መንሳፈፊያ ወርዶ በዚያ ይከማች፥ ከዚያም በሆላንድ መርከቦች ወደ አምስተርዳም ይሄድ ነበር።

ያጌጡት ቤቶች የተሠሩት ከዚህ እህል ትርፍ ነው። እህሉን ያመረተው ግን በጌታው መሬት ላይ በሳምንት ብዙ ቀን ያለ ዋጋ እንዲያርስ የተገደደው የፖላንድ ገበሬ ነበረ። በረጅሙ ገበያ ላይ ከ1633 ጀምሮ ለባሕር አምላክ ለኔፕቱን የናስ ሐውልት ቆሞለታል፤ ለገበሬው ግን በንጉሥ መንገድ ላይ ምንም የቆመለት የለም። መልካም አስጎብኚ የሌለውንም ነገር ያሳያል፤ ከጎተራዎቹ ፊት ቆሞ ገበሬውን ያነሣዋል።

ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ በወደቡ አፍ ቬስተርፕላተ የሚባል ስፍራ አለ። ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የተባለ የጀርመን የጦር መርከብ ለወዳጅነት ጉብኝት መጥቻለሁ ብሎ ገብቶ ሳለ፥ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ማለዳ በዚያ ባሉት ፖሎኖች ላይ ተኰሰ። ሁለት መቶ ያህል የነበሩት ጠባቂዎች ሰባት ቀን ተከላከሉ። በዚያው ቀን የፖላንድ ፖስታ ቤት ሠራተኞች ሕንጻቸውን ዐሥራ አራት ሰዓት ያህል ጠብቀው ተማረኩ፤ ከእነርሱም 38ቱ በኦክቶበር 5 ቀን ተረሸኑ። በኤውሮፓ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተጀመረባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ከተማዪቱን ሊጠብቅ የተሾመው የመንግሥታት ማኅበር ነበር፤ ኢትዮጵያ በ1923 የገባችበት፥ በ1935 በተወረረች ጊዜም ሊያድናት ያልቻለው ያው ማኅበር ለግዳንስክም ጋሻ ሊሆናት አልቻለም።

ከዚህ ሁሉ መከራ የተነሣ ታሪክን ለአንድ ወገን ብቻ መንገር ልማድ ሆኖ ነበር። ከጦርነቱ በፊት ብዙ ጀርመናውያን ጸሐፊዎች ከተማዪቱን ጀርመናዊት ብቻ ያደርጓት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ የፖላንድ መንግሥት ወደ እናት አገሯ የተመለሰች ፖሎናዊት ብቻ ናት ይል ነበር። ዛሬ ግን የአያቱን ቤት ሊያይ የሚመጣ ጀርመናዊና አባቱ በፖስታ ቤቱ የተገደለበት ፖሎናዊ በአንድ አስጎብኚ ፊት ሊቆሙ ይችላሉ። አስጎብኚው አንዱን ለማስደሰት የሌላውን ኀዘን መሰረዝ አይገባውም፤ በዳዩንም በዳይ ከማለት መፍራት የለበትም።

የጕዞው መጨረሻ ብዙ ጊዜ የመርከብ መሥሪያው በር ነው። በ1970 በዲሴምበር ወር ስለ ምግብ ዋጋ ውድነት በተነሡት ሠራተኞች ላይ ወታደሮች ተኵሰው ብዙ ሰው ሞተ። በኦገስት 14 ቀን 1980 አና ቫለንቲኖቪች የተባለች የዕቃ ማንሻ መኪና ነጂ ከሥራ ስለ ተባረረች ባልንጀሮቿ ሥራ አቆሙ። በሌኽ ቫዌንሳ መሪነት 21 ጥያቄያቸውን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው በበሩ ሰቀሉ፤ በኦገስት 31 ቀን መንግሥት ስምምነት ፈረመ፤ ከዚህም ሶሊዳርኖሽች የተባለው የሠራተኞች ማኅበር ተወለደ። ቫዌንሳ በ1990 የፖላንድ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ ሰሌዳዎቹንም ዩኔስኮ በ2003 በዓለም መታሰቢያ መዝገብ አገባቸው። በዚህ ስፍራ አስጎብኚው ሲናገር፥ ነገሩን በዐይኑ ያየ ሰው በአጠገቡ ሊያልፍ ይችላል። የሰዓቱ ሠሪ ተነሥቶ ሊያርመው አይችልም፤ የመርከብ መሥሪያው ሠራተኛ ግን ያርመዋል።

ቀድሞ በፖላንድ በታላላቅ ከተሞች እንግዳ መምራት የሚፈቀደው ፈተና ላለፈ ሰው ብቻ ነበረ። ከ2014 ጀምሮ ግን ይህ ግዴታ ቀርቶ፥ በከተማ ውስጥ ማስጎብኘት ለፈለገ ሁሉ ተፈቅዷል። ፈታኙ ሲቀር የቀረው ኅሊና ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደ ተባለ፥ ሐሰት የነገረ አስጎብኚ ለአንድ ቀን ቢመሰገንም፥ እንግዳው ባነበበና በጠየቀ ጊዜ ስሙም የከተማውም ስም ይጐድፋል።

ይህ ሁሉ ለገጠር ትምህርት ቤት ሩቅ ነገር አይደለም። ተማሪዎቹን ወደ አሮጌ ደብር፥ ወደ ፈረሰ ግንብ ወይም ጦርነት ወደ ተደረገበት ሜዳ የሚመራ መምህር በዚያ ቀን አስጎብኚ ነው፤ የሰማውን የሚያወራ ሽማግሌም እንዲሁ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ነውና፥ አገሩን የሚያስረዳ ከአገሬው የሚሻል የለም። ስለዚህ መምህሩ ከጕዞው አስቀድሞ ወደ ሽማግሌው ቢሄድ፥ በመጽሐፍ የተገኘውን በአንድ ገጽ፥ ከአባቶች የተሰማውን በሌላ ገጽ ቢጽፍ፥ በስፍራውም በደረሱ ጊዜ ሁለቱን ሳይቀላቅል ቢያነብ መልካም ነው። ልጆቹ «ይህስ በእውነት ሆኗልን?» ብለው ሲጠይቁ አይቈጣ፤ ለዚህ ጥያቄ የሚገባውን መልስ ለመስጠት ሁለቱ ገጾች በእጁ አሉና።