ትምህርት ቤቱ የማን ነው? ደጃፉን አውቆ ስለ ማንኳኳት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ዛሪማ፣ የቀረበ ንግግር)



 ዛሬ ስለ ቁጠባችንና ስለ ብድራችን የሚቀርበውን ሪፖርት ከመስማታችን በፊት፣ ብዙዎቻችን በየዓመቱ ስለምናለቅስበት ነገር ጥቂት እንድንናገር ተፈቅዶልናል። ጉዳዩ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ነው። ስለ ትምህርት ጥቅም ልንሰብክ አልቆምንም፤ እሱን ማንም አይክደውም። የምንናገረው ትምህርት ቤቱ በማን እንደሚተዳደር፣ የትኛው ጉዳይ በየትኛው ደጃፍ እንደሚያልቅ ነው።

ነገሩን ያነሣሣን ከውጭ አገር ሊጎበኘን የመጣ አንድ ወዳጃችን ነው። ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «የእናንተ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት የትኛው ነው? የቦርዱን አባላት የምትመርጡት እናንተ ናችሁ?» ብሎ ጠየቀን። እርስ በርሳችን ተያየን። አንዷ፣ «የመንግሥት ነው» አለች። ሌላዋ፣ «የርዕሰ መምህሩ ነው» አለች። አንዲት ታላቅ እናታችን ደግሞ፣ «ዕድራችን ቢሆን ዳኛውንም ጸሐፊውንም ገንዘብ ያዡንም እንነግርህ ነበር» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ግን አሳፈረን። ስንት ዓመት ልጆች ልከን ትምህርት ቤቱን ማን እንደሚያስተዳድረው አናውቅም ነበር።

እንግዳችን የሚኖረው አሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ነው። በዚያ በአንድ ካውንቲ ብቻ 80 የመንግሥት ትምህርት ቤት ዲስትሪክቶች አሉ። ዲስትሪክት ማለት ለትምህርት ብቻ የተቋቋመ አስተዳደር ነው። የራሱ ቦርድ አለው፤ ቦርዱን የአካባቢው ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ይመርጠዋል። የካውንቲው ትምህርት ቢሮ ደግሞ ለሁሉም ድጋፍ ይሰጣል፣ በጀታቸውን ይከታተላል። ስለዚህ በዚያ ያለ ወላጅ ቅሬታ ሲኖረው ወደ ቦርዱ ስብሰባ ሄዶ ይናገራል።

እኛ አገር «ወረዳ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ዲስትሪክት ተብሎ ይተረጎማልና እንግዳችን አንድ ነገር መስሎት ነበር። አንድ አይደለም። የእኛ ወረዳ ጤናውንም፣ ግብርናውንም፣ መንገዱንም፣ ውኃውንም፣ ትምህርቱንም አንድ ላይ ይዟል። ትምህርት ከሌሎቹ ጋር ከአንድ ማዕድ ነው የሚቆረስለት።

እንግዲህ የእኛን ከላይ ወደ ታች እንይ።

ትምህርት ሚኒስቴር አዲስ አበባ ነው። ፖሊሲውን ያወጣል፣ ደረጃውን ይወስናል። የ12ኛ ክፍል ፈተናም አገር አቀፍ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የወጣው ከዚያ ነው፤ አንደኛ ደረጃው እስከ 6ኛ፣ መካከለኛው 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ይሁን የሚለው አዲሱ አደረጃጀትም እንዲሁ።

ቀጥሎ ባሕር ዳር የሚገኘው የክልላችን ትምህርት ቢሮ አለ። የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት፣ የመምህራን ኮሌጆችና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በእሱ በኩል ናቸው።

ከዚያ የዞን ትምህርት መምሪያ ይመጣል። እዚህ ላይ ታላላቆቻችን የሚያስታውሱት ነገር አለ። በንጉሡም በደርግም ዘመን ደባርቅ የሰሜን አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ጉዳይ ያለው ሰው ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ይጨርስ ነበር። አውራጃ ከቀረ በኋላ የዞናችን መቀመጫ ጎንደር ሆነና ከደባርቅ በላይ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጨመረብን። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ለሦስት ተከፍሎ ማዕከላዊ ጎንደር ጎንደርን፣ ምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውኃን፣ የእኛው ሰሜን ጎንደር ደባርቅን መቀመጫ አደረጉ። መንገዱ አጠረልን። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። በክልላችን የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው የብሔረሰብ ዞኖች ናቸው። እንደ እኛ ያለው ዞን የክልሉ ቅርንጫፍ ነው፤ ይደግፋል፣ ይቆጣጠራል፣ ያስተባብራል እንጂ በጀት የሚያጸድቅ ምክር ቤት የለውም።

በጀት የሚያጸድቀው ወረዳው ነው፤ ለእኛ አዲ አርቃይ ማለት ነው። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ለየወረዳው ጥቅል በጀት ይሰጣል፤ ከዚያ ውስጥ ለትምህርት ስንት፣ ለጤና ስንት፣ ለውኃ ስንት ይሁን የሚለውን የወረዳው ምክር ቤት ይወስናል። የመምህራን ደመወዝ የሚከፈለው ከዚህ ነው። ለትምህርት ከሚመደበው አብዛኛው ደመወዝ ስለሚሆን ለወንበር፣ ለጣሪያ፣ ለመጻሕፍት መደርደሪያ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ትምህርት ቤቶች ጣሪያቸው ሲያፈስ መዋጮ የሚጠይቁን ለምን እንደሆነ አሁን ይገባናል።

ከወረዳው በታች ጉድኝት አለ። አምስት ያህል ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ይሰባሰባሉ፤ ሱፐርቫይዘሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ መምህራንን ይደግፋል፣ ያየውንም ለወረዳው ይጽፋል። ብዙዎቻችን ይህን ሰው ሲያልፍ እናየዋለን፤ እንግዳ መስሎን ሰላም ብለን እናልፈዋለን።

በመጨረሻም እኛው በራፍ ላይ ሁለት አካላት አሉ። አንዱ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ነው። ሌላው ወላጅ መምህር ኅብረት፣ ወመህ የምንለው፣ አሁን ተማሪም ተጨምሮበት ወተመህ የሚባለው ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው የአደረጃጀትና የኅብረተሰብ ተሳትፎ መመሪያ ሁለቱም ቦታቸው ተለይቷል። ቦርዱ የቀበሌውን ትምህርት ቤት ይከታተላል፣ የሕዝቡን ጥያቄ ወደ ወረዳ ያደርሳል። ወመህ ደግሞ በወላጆች ጉባኤ ይመረጣል፤ የትምህርት ቤቱን ዕቅድና ገቢ ያያል፣ ያቋረጡ ልጆችን ይመልሳል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር እየተሰላ የመጣው ድጎማም በምን ላይ እንደሚውል ወላጆች የሚነጋገሩበት እዚህ ነው።

አያችሁ እኅቶች፣ እኛም ቦርድ ነበረን። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖብን ነው እንጂ።

ይህን ሁሉ የተማርነው በመልካም መንገድ አይደለም፤ ዋጋ ከፍለን ነው። ያንን ልንናዘዝላችሁ ይገባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አባሎቻችን ጥያቄ ይዘው መጡ። ትምህርት ቤታቸው 6ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። 7ኛ ለመማር ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ድርቆሽና በሶ ስንቅ ይዞ መመላለስ ያስፈልጋል። ወንዶቹ ይሞክሩታል። ሴቶቹን ግን ለብቻቸው በኪራይ ቤት ለማሳደር ማን ደፍሮ? «7ኛ ክፍል ይከፈትልን» አሉ። ማኅበራችንም ተነሣ። ጥሩ ደብዳቤ አስጻፍን፣ ማኅተም መታንበት፣ ከቁጠባችን የመንገድ አወጣንና ሁለት አባላት ባሕር ዳር ላክን። ከላይ ከተጀመረ ቶሎ ያልቃል ብለን ነበር።

ባሕር ዳር በመልካም ፊት ተቀበሏቸው፤ ውኃም ሰጧቸው። መልሱ ግን አጭር ነበር። «ይህ የወረዳችሁ ጉዳይ ነው። የቀበሌው ቦርድ የተፈራረመበት ቃለ ጉባኤ ይዛችኋል? ስንት ተማሪ እንዳለ ትምህርት ቤቱ የሰጣችሁ ዝርዝርስ?» አልያዝንም። አባሎቻችን አዳራቸውን ከፍለው፣ ሊማሊሞን ወርደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ወደ ቀበሌው ሄደን ስንጠይቅ፣ በቦርዱ መዝገብ ላይ ስለ 7ኛ ክፍል አንድም ቃል አልተጻፈም። ያልተጻፈው ማንም ስላልጠየቀ ነው። በወላጆች ጉባኤ ላይ የተገኙት አባቶች ነበሩ፤ እኛ በዚያ ቀን ውኃ ልንቀዳ፣ ገበያ ልንወጣ ሄደን ነበር። ቃለ ጉባኤውን አስይዘን ወረዳ ስንደርስ ሐምሌ ገብቷል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ዕቅዱ የሚዘጋጀው ደግሞ ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። አዲስ ክፍል ማለት አዲስ መምህር፣ አዲስ መምህር ማለት አዲስ ደመወዝ ነው። የዓመቱ ተደልድሎ አልቋል። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የእኛ ነው። ደጃፉን አላወቅነውም።

በዚያ ዓመት 6ኛን የጨረሱ ሴቶች ልጆች ሰባት ነበሩ። ቁጥሩን አንረሳውም። በቀጣዩ ዓመት ጥያቄውን በጊዜው፣ ከቀበሌ ጀምረን አቀረብን፤ የጉድኝቱ ሱፐርቫይዘርም መጥቶ አይቶ ጻፈልን። 7ኛ ክፍል ተከፈተ። ሕዝቡ እንጨት አውጥቶ ዳስ ሠራ፤ ወረዳው መምህር መደበ። ስም ለማስመዝገብ የመጡት ከሰባቱ ግን አራቱ ነበሩ። ሁለቱ ተድረዋል። አንዷ ለሰው ቤት ሥራ ወደ ከተማ ሄዳለች። አንድ ዓመት ለወረቀት አጭር ነው፤ ለ13 ዓመት ልጅ ግን ረጅም ነው።

ወዳጆቻችን፣ ከዚያ ወዲህ አካባቢያችን የደረሰበትን ታውቃላችሁ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወረዳችን ገባ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም ክልላችን በግጭት ውስጥ ቆይቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የላይኛው ደጃፍ ይርቃል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል። የሚቀረው የቀበሌው ቦርድና ወመህ ነው። ልጆቹን በስም የሚያውቃቸው፣ ማን እንደቀረች የሚቆጥረው፣ ወንበሩን ከዝናብ የሚያስጠጋው እሱ ነው። እናቶች በውስጡ ከሌሉ የቀረችውን ልጅ ማን ይቆጥራታል?

ስለዚህ ከእናንተ ከአባላት ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፣ የወላጆች ጉባኤ ሲጠራ እንሂድ። አንዷ የሌላዋን ልጅ ትያዝላት፣ አንዷ ለሌላዋ ውኃ ትቅዳላት፤ ከየጎረቤቱ ቢያንስ አንዲት እናት በጉባኤው ላይ ትገኝ። የወመህ ምርጫ ሲሆን እጃችንን እናውጣ፤ «ማንበብ አልችልም» አንበል። ያቺ ያሳቁን ታላቅ እናታችን ፊደል የቆጠሩት በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ዛሬ የቀበሌያቸውን መዝገብ አንብበው፣ «ይህ መቼ ተወሰነ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ሁለተኛ፣ ማንኛውንም ጥያቄ ከታች እንጀምር፤ አስመዝግበን፣ የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ይዘን እንውጣ። መምህር፣ ክፍልና በጀት ከሆነ ወረዳ ነው። ወረዳው ሳይመልስልን ሲቀር ዞን ነው። መጽሐፍና የ8ኛ ፈተና ከሆነ የክልል ነው፤ እሱም ቢሆን በወረዳው በኩል።

ሦስተኛ፣ ጊዜውን እንወቅ። ለመስከረም የምንፈልገውን ከፋሲካ በፊት እንጠይቅ።

እናንተም ደጋፊዎቻችን፣ አንድ ቃል ፍቀዱልን። ብዙዎቻችሁ «መማሪያ ክፍል እንሥራላችሁ» ትሉናላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ቆርቆሮው ከመገዛቱ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁን። የቀበሌው ቦርድ በቃለ ጉባኤ አጽድቆታል ወይ? ወረዳውስ ለዚያ ክፍል መምህር እንደሚመድብ በጽሑፍ አረጋግጧል ወይ? ክፍል የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፤ ደመወዝ ግን በየወሩ ነው። መምህር የሌለው ክፍል ሁለት ክረምት ሲያልፍበት የእህል መጋዘን ይሆናል። ስጦታችሁ በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ሲገባ እናንተ ብትርቁም ጠያቂ አለው።

እንግዳችን ከመሄዱ በፊት ጥያቄውን በድጋሚ አነሣብን። በዚህ ጊዜ መለስንለት። «ወረዳችን አዲ አርቃይ ነው። ገንዘቡን የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። ቦርዳችን ቀበሌ ላይ ነው፤ ከእኛ ሁለቱ ገብተውበታል» አልነው።

ያ ዳስ ዛሬም ዳስ ነው። ግድግዳ እንዲሆን የጠየቅንበት ወረቀት ወረዳ ላይ ነው፤ ግልባጩም በማኅበራችን ሣጥን ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ የደረሰበትን እንነግራችኋለን።